ክርክር፦ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ቤቱ ሆኖ ይከራከር?

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጦር መሣሪያ የተከሰሰ ሰው እስከ ፍርዱ ቀን ይታሰር ወይስ በዋስ ይውጣ? ለሁለቱ ተከራካሪዎቻችን መነሻ እንዲሆን የመረጥነው የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል) ሌተናንት የነበረውን የክሪስቶፈር ሃሰንን ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 ተይዞ ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት በሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይታሰር ባይ

ከቤቱ እንጀምር። ሰውየው የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። የእኛ ሰው ሱቁም ምግብ ቤቱም ያለበት ከተማ ማለት ነው። ቤቱ ሲፈተሽ 15 መሣሪያና ከ1,000 በላይ ጥይት ተገኘ። ይህ ብቻውን አሜሪካ ውስጥ ወንጀል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። የፖለቲከኞችና የጋዜጠኞች ስም የተደረደረበት የኤክሴል ሰንጠረዥ አለ። በ2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው የገደለው ብሬቪክ የጻፈውን እየመላለሰ ያነብ ነበር። በምድር ላይ ያለውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ለመጨረስ ማለሙን የጻፈበት ያልተላከ ኢሜይልም ተገኝቷል። የኮንግረስ አባላት ዲሲ ውስጥ የት እንደሚኖሩ ጉግል ላይ ፈልጓል።

ክሱ ግን ቀለል ያለ ነው። ያልተመዘገበ ድምፅ ማፈኛ፣ የአደንዛዥ መድኃኒት ተጠቃሚ ሆኖ መሣሪያ መያዝ፣ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ በሕገወጥ መንገድ መያዝ። በቃ፤ ይኸው ነው። እህቴ እዚህ ላይ እንደምትይዘኝ ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር። ዋስትና ሲታይ ዳኛው ክሱን ብቻ እንዲያይ አይገደድም። የ1984ቱ የዋስትና ሕግ የክሱን ዓይነት፣ የማስረጃውን ክብደት፣ የሰውየውን ታሪክና ጠባይ፣ ቢለቀቅ በሰው ላይ የሚያስከትለውን አደጋ እንዲመዝን ያዘዋል። በ2006 ደግሞ ከባድ ወንጀል ሆኖ መሣሪያ መያዝ ካለበት ዐቃቤ ሕግ ‘ዋስትና ይከልከል’ ብሎ ችሎት እንዲጠይቅ በግልጽ ተፈቀደለት። ይህን ሰው ማሰር ሕግ መጣስ አልነበረም።

ይፈታ ባይ

ጋሼ፣ የዘረዘሩት ሁሉ መዝገቡ ላይ አለ፤ አልክድም። ግን ከዘረዘሩት ውስጥ የተከሰሰበት የትኛው ነው? በሰንጠረዡ አልተከሰሰም። በማንበብ አልተከሰሰም። ዐቃቤ ሕግ ‘የአገር ውስጥ አሸባሪ’ ብሎ ጻፈ፤ የሽብር ክስ ግን አላመጣም። ቢፈልግም ይቸግረው ነበር። የአሜሪካ ሕግ የአገር ውስጥ ሽብር ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ አልደነገገውም። ስለዚህ በዋናው ችሎት ሊያቀርበው የማይችለውን ክስ በዋስትናው ችሎት ላይ አቀረበው።

ይህ ችሎት ደግሞ ለእሱ ምቹ ነው። የማስረጃ ደንቦቹ እዚያ አይሠሩም። ምስክር ሳይጠራ ‘ማስረጃችን ይህን ያሳያል’ ብሎ መናገር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት እስከ 3 የሥራ ቀን ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተከሳሹ ያን ጊዜ በእስር ይቆያል። ሐሙስ የቀረበ ሰው ማክሰኞን ሊያይ ይችላል ማለት ነው። ፓርኪንግ የሚሠራ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው እስከዚያ ሥራውና ኪራዩ ምን ይሆናል?

የሃሰንን ጉዳይ ያየው ማጂስትሬት (የመጀመሪያዎቹን ችሎቶች የሚያይ) ዳኛ ቻርልስ ዴይ መጀመሪያ እንዲታሰር አዘዘ። ግን 14 ቀን ሰጠ፤ መንግሥት የከበደ ክስ ካላመጣ ነገሩ እንደገና ሊታይ። 14 ቀን ሲባል ደግሞ ጆሮዬ ይቆማል። አገር ቤት ፖሊስ ‘ምርመራዬን አልጨረስኩም’ እያለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 የሚጠይቃት ያቺው 14 ቀን ናት። ልዩነቱ ዴይ ቃሉን አለመርሳቱ ነው። የሽብር ክስ አልመጣም፤ በሜይ በጥብቅ ክትትል፣ እግሩ ላይ መከታተያ ታስሮለት፣ ቨርጂኒያ በሚስቱ ወላጆች ቤት እንዲቆይ ፈቀደ።

ይታሰር ባይ

ትእዛዙ ስንት ቀን ቆየ? ዐቃቤ ሕግ ከማጂስትሬቱ በላይ ወዳለው ዲስትሪክት ዳኛ፣ ወደ ጆርጅ ሄዝል ወሰደው፤ ሄዝል በዚያው ወር ሻረው። ይግባኝ ሰሚውም አጸናለት። ያውም ሄዝል የዴይን ሥራ ማክበር አይጠበቅበትም ነበር፤ ሕጉ ከሥር ጀምሮ እንደገና እንዲመዝን ይፈቅድለታል።

መከታተያውን ደግሞ አታጋንኚው። እግር ላይ ያለ መሣሪያ ሰውየው የት እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ምን እያደረገ እንደሆነ አይነግርሽም። ማንቂያው ጮኾ ፖሊስ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ነው?

የሳሌርኖን ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ኒው ዮርክ፣ ማፊያ፣ 1987። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ‘አደገኛ ነው’ ተብሎ ከፍርድ በፊት ማሰር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ቅጣት ሳይሆን መከላከያ ነው ብሎ ነው የፈረደው።

ይፈታ ባይ

ከሳሌርኖ የጠቀሱት ግማሹን ነው። እዚያው ውሳኔ ላይ ዋና ዳኛ ሬንኩዊስት ነፃነት ደንቡ እንደሆነ፣ ከፍርድ በፊት እስር ግን በጥንቃቄ የተገደበ ልዩ ሁኔታ እንደሆነ ጽፏል። አደጋ ነው የሚል ዐቃቤ ሕግም ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ለከባድ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ወይም በዕፅ ንግድና በጥቃት ወንጀል ላይ መሣሪያ ለያዘ ሰው ሕጉ ራሱ ‘አደገኛ ነው’ ብሎ ይነሳል፤ ማስተባበሉ ወደ ተከሳሹ ይዞራል። ድምፅ ማፈኛ በመያዝ ብቻ ለተከሰሰ ሰው ግን እንዲህ ያለ ግምት የለም። ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው።

በ2024 በራሂሚ ጉዳይም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ምን እንዳለ ያውቃሉ። ፍርድ ቤት ለሌላ ሰው አደገኛ ነው ያለውን ሰው ለጊዜው መሣሪያ ማስፈታት ይቻላል ተባለ። አይበቃም? የሃሰንን መሣሪያ ኤፍቢአይ ወስዶታል።

ይታሰር ባይ

መሣሪያ እንደገና የሚገዛ ነገር ነው። አሜሪካ ነው ያለነው!

ይፈታ ባይ

አሜሪካ ስለሆነ ነው እኔም የፈራሁት። ‘የፌዴራል መሣሪያ ክስ’ የሚለው ስም ስንቱን ይሸፍናል? አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ነበር። በቅናሽ ስለሚያገኝ ለአጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየውም መያዝ የሚችል ሰው ነው። ፎርሙ ላይ ግን ‘የምገዛው ለራሴ ነው’ ብሎ ሞላ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ጥፋተኛነቱን አጸና። እሱስ በገደብ ተለቀቀ። ከ2022 ወዲህ ግን መያዝ ለማይችል ሰው አውቆ መግዛት ራሱን ችሎ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጃችን ከጓደኞቹ ጋር ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ሽጉጥ ቢያነሳስ? የአደን ፈቃድ ዓይነት ልዩ ሁኔታ ከሌለው ፌዴራል ወንጀል ነው። ማጂስትሬቱ ቢፈታው እንኳን ኢሚግሬሽን በር ላይ ሊቀበለው ይችላል። እነዚህንና ሃሰንን አንድ ላይ አስሮ መከራከር አይከብድም?

ይታሰር ባይ

ይከብዳል፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ለተማሪው ልጅ እኔም ሄጄ እፈርማለሁ። የእኛ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ነው። አገር ቤት የቤት ካርታ ማስያዝ ስለለመድን፣ ዘመድ ፌዴራል ተያዘ ሲባል መጀመሪያ የምናሯሩጠው ብር ነው። እዚያ ዳኛው ሰውን እስር ቤት የሚያስቀር የገንዘብ መጠን መጣል አይፈቀድለትም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ‘ቢጠፋ እከፍላለሁ’ ብሎ የሚፈርም፣ ቤቱ የሚያስቀምጠው፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ከችሎቱ በፊት የፕሪትራያል ሠራተኛ፣ ማለትም ስለ ተከሳሹ አጣርቶ ለዳኛው የሚያቀርብ የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ ተከሳሹን ያነጋግረዋል። የት ትኖራለህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ማንን ልጠይቅ ይለዋል። ከዚያ ለዘመዱ ይደውላል። የማያውቁት ቁጥር ነው ብለው ሳያነሱ የቀሩ ዘመዶች ስንት ሰው እንዳስቀሩ እንጃ።

ሃሰን ግን የሚፈርምለት ሰው አጥቶ አይደለም የታሰረው። ሰንጠረዡ ነው ያሳሰረው። መጨረሻውንም አይተናል። በኦክቶበር 2019 በቀረበበት ክስ ሁሉ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በጃንዋሪ 2020 ሄዝል 13 ዓመት ከ4 ወር ፈረደበት።

ይፈታ ባይ

ኋላ የመጣ ፍርድ የፊቱን እስር አያጸድቅም፣ ጋሼ። ሲያምን ስምንት ወር ገደማ ታስሮ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቤቱ ካለው ሰው ፈጥኖ እንደሚያምን ጠበቃ ሁሉ ይነግርዎታል።

ይታሰር ባይ

ድምፅ ማፈኛው እጁ ላይ ተገኝቶ ምን ሊክድ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንቺ ዳኛ ሆነሽ ፈታሽው እንበል። ስሙ ሰንጠረዡ ላይ ያለ ጋዜጠኛ ደውሎ ‘ዛሬ ማታ የት ነው ያለው?’ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?

ይፈታ ባይ

ቨርጂኒያ እንዳለ፣ መሣሪያዎቹ ኤፍቢአይ ዘንድ እንዳሉ፣ ያለ ፈቃድ ከቤት ቢወጣ እንደሚታሰር እነግረዋለሁ። አያረካውም፤ አውቃለሁ። እርስዎስ ለሚስቱ ‘ባልሽን ያሰርኩት ባልከሰስኩት ነገር ነው’ ይሏታል?