ሰውነት እስኪጠራ መጠበቅ

ዓይንን ጨፍኖ ባዶ ወለል ላይ መቆም ቀላል ይመስላል። ሙዚቃ የለም፣ መስታወት የለም፣ “አንድ፣ ሁለት” እያለ የሚቆጥር አሠልጣኝም የለም። “ኦተንቲክ ሙቭመንት” (Authentic Movement) በሚባለው በዚህ የእንቅስቃሴ ልምምድ ሥራው ከውስጥ የሚመጣውን እያዳመጡ መቆየት፣ ሲመጣ ደግሞ መከተል ነው። መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጆቼን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሰውነቴ ጠይቆኝ አልነበረም፤ ዝም ብሎ መቆም ስላስጨነቀኝ ነው።

ልምምዱን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መልክ ያስያዘችው አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ሜሪ ስታርክስ ኋይትሃውስ ናት። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ ሰዎች በምናባቸው የሚመጣውን ምስል ሳያባርሩ እንዲከተሉት ያበረታታ ነበር፤ እሷ ይህንኑ ወደ ሰውነት አመጣችው። ሰው አስቦበት ሲንቀሳቀስና አንድ ነገር ከውስጥ ሲያንቀሳቅሰው ለይታ ታይ ነበር። ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። “ራበኝ”፣ “ደከመኝ”፣ “በረደኝ” ስንል እኮ ባለቤቶቹ እኛ አይደለንም፤ የሚደረግብን ነን። ቋንቋችን ሰውነት የራሱ ጉዳይ እንዳለው ያውቃል። እኛ ግን “ደከመኝ” ብለን ሳንጨርስ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ስለዚህ “ጀማሪዎች እንዳይቸገሩ” እያሉ ሙዚቃና መመሪያ የሚጨምሩ አስተማሪዎች፣ በቅን ልቦና ቢሆንም፣ የልምምዱን ልብ ያወጡታል ብዬ አምናለሁ። ያ የሚያስጨንቀው ባዶ ጊዜ ራሱ ነው ሥራው። ዓይን ሲጨፈን ክንዳችን የት እንዳለ የሚነግረን ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው፤ ይህ ስሜት ረቂቅ ነውና ከበሮ ሲመታ በቀላሉ አይስተዋልም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ምስክሩን ነው። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ዓይኑን ገልጦ ዳር ይቀመጣል፤ አያርምም፣ አያደንቅም። ሲያበቃ መጀመሪያ የሚናገረው የተንቀሳቀሰው ነው። ምስክሩ ቀጥሎ ሲናገር “አዝነሽ ነበር” አይልም፤ “እጅሽ ወደ ደረትሽ ሲመለስ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ” ይላል። የራሱን ስሜት ለሌላው ሳያሸክም የሚያይ ሰው ፊት መሆን ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ይህንን የምስክርነት ሥርዓት በጥልቀት ያዳበረችው የኋይትሃውስ ተማሪ የነበረችው ጃኔት አድለር ናት።

ለቁስል ሁሉ መድኃኒት ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት የደረሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲያዳምጥ የሚያስደነግጥ ነገር ሊነሳበት ስለሚችል፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ቢጀምር ይሻላል።

ከወራት በኋላ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆምኩ በኋላ፣ አንገቴ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። እኔ አላዞርኩትም፤ አልከለከልኩትምም። በዚያ ዕለት የመጣው ይኸው ብቻ ነበር። ምስክሬ አየችው።