ማስተካከያ፦ «ኦስቴንሲብል» ሐሰተኛ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ ለማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በበተንኩት የቃላት ወረቀት ላይ «ኦስቴንሲብል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል «ሐሰተኛ» ብዬ ፈትቼው ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። ሰርዙትና «እንዲህ ነው ተብሎ የቀረበ፣ ላይ ላዩን የሚታይ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሥሩ የላቲኑ «ኦስቴንዴሬ» ነው፤ ማሳየት ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ፊት ለፊት ስለሚታየው ነገር ነው። ከጀርባው ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ቢያዝልም ውሸት ነው ብሎ አይፈርድም።

አንድ ጎረምሳ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረደ እንበል። «ምን ልትሠራ?» ሲሉት «ፍየል ልገዛ» ይላል። ልቡ ግን ቅቤ ይዛ ከምትመጣው ልጅ ዘንድ ነው። ፍየሉ «ኦስቴንሲብል» ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ደግሞ እኮ እውነትም ፍየል እየጎተተ ሊመለስ ይችላል (ባዶ እጁን ቢገባ እናቱ ትነቃበታለቻ!)፤ ያን ጊዜ «ሐሰተኛ ምክንያት» ብንል ፍየሉን ምን ልናደርገው ነው? ቅኔ የቀመሰ ሰው ሰሙን ያስብ፤ ወርቁ ልጅቷ ናት።

አገባቡን በተመለከተ፣ ቅጽሉ የሚቀመጠው ከስም በፊት ነው፤ «ምክንያቱ ኦስቴንሲብል ነው» በሚል መልክ መጨረሻ ላይ ማሰር አልተለመደም። ተውሳከ ግሱ «ኦስቴንሲብሊ» ነው። ሁለቱም የጽሑፍና የመደበኛ ንግግር ቃላት ናቸው።

«ኦስቴንቴሽየስ» ከዚያው ሥር ቢወጣም ሌላ ቃል ነው፦ ለታይታ የሚደረግ፣ ጉራ ያለበት። እሱን በትክክል ስለጻፍኩት አትንኩት።