ስለ ውኃው እንጂ ስለ ላሟ የማይጠየቅበት ወተት

ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአክስቴ ግቢ አምስት የወተት ላሞች አሉ። ከምኖርበት ከጀርመን ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ማለዳ ማለዳ ከእሳቸው ጋር በረት እገባለሁ፤ ወተት ሊገዙ የሚመጡትን ጎረቤቶችም እታዘባለሁ። ሁሉም በር ላይ ቆመው ዕቃቸውን እየዘረጉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ውኃ የለበትም አይደል?» አክስቴ በማርያም ይምላሉ፣ ወተቱ ይለካል፣ ገዢው ይሄዳል። ከበሩ እስከ በረቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሆኖም ገባ ብሎ ላሞቹን ያየ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በጀርመኗ የባየርን ግዛት ግን ገዢው ላሟን ልይ ቢል እንኳ አይችልም፤ በአንድ ካርቶን ውስጥ ያለው ወተት ከብዙ እርሻዎች ተሰብስቦ የተቀላቀለ ነውና። ስለዚህ ብዙ ሰው ካርቶኑ ላይ የታተመውን የላሞቹን አያያዝ ደረጃ ያነባል፤ ከ1 እስከ 5 የሚሄድ ሲሆን 1 ማለት ሕግ ከሚያስገድደው ያላለፈ ማለት ነው። ይህን ስል እዚያ ሁሉ ነገር ተሟልቷል ማለቴ አይደለም። ላሞችን አንገታቸውን አስሮ ማኖር በባየርን ትንንሽ እርሻዎች ዛሬም አልቀረም፤ ጥጃም እንደተወለደ ብዙ ሳይቆይ ከእናቱ ይለያል። ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባት አልታለብም የምትለውን የአበሻ ላም እያየ ላደገ ሰው ይህ ሆድ ያባባል።

ባለፈው ጉዞዬ ካየኋቸው ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣችው ጥቁርና ነጭ የሆነችው የፈረንጅ ላም ናት። የፊት ጉልበቶቿ ፀጉር ረግፎ ቆዳው ቆስሏል፤ ስትነሳም አንዱን እግሯን ቀስ ብላ ነው የምታሳርፈው። በረቱ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ በላዩ ላይ ምንም የለም፤ ላሟም ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አትወጣም፤ ምክንያቱም አክስቴ በወጣትነታቸው ከብት ያሰማሩበት መስክ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ጭድ ይነጠፍላት ብዬ ስለምናቸው «ልጄ፣ ጭዱን ትብላው ወይስ ትተኛበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የፉርሽካና የፋጉሎ፣ ማለትም ኑግና መሰል እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው መኖ፣ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ወተት ገዢ ስለሚጠፋ ለቅቤ ይጠራቀማል፤ የላሟ ቀለብ ግን በጾሙም አይቀንስም።

ገዢው ስለ ላሟ ቢጠይቅ ለላሟ ብቻ አይደለም የሚበጀው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓን ገደብ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም አፍላቶክሲንን፣ ያላለፉት 9 ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመነጭ መርዝ ሲሆን በዋናነት ወደ ወተቱ የገባውም በፋጉሎ በኩል ነበር። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። የወተት ሰብሳቢዎች የሚነክሩት መለኪያም ቢሆን የሚናገረው ስለ ወተቱ ውፍረት ነውና ስለዚህ መርዝ አንዳች አይነግረንም። ለልጅ የሚጠጣ ወተት የምትገዛ እናት ውኃ እንዳይኖርበት የምትጠነቀቀውን ያህል ላሟ ምን እንደበላች መጠየቅ ይገባታል፤ የምትጠይቅበት በርም ከቤቷ አጠገብ ነው። የጀርመን ገዢ በቁጥርና በማኅተም ሊደርስበት የሚደክመው ነገር ለእኛ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሊትር የሚወስዱትን ጎረቤት «እትዬ፣ እስቲ ይግቡና ይዩአቸው» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ፤ የላሟን ጉልበት አይተው «ውይ! ይቺ ምን ነካት?» አሉና ቀጥለው ምን እንደምትበላ ጠየቁ። አክስቴ የፋጉሎውን ማዳበሪያ ጎትተው ከፈቱ። ላይ ያለው ደህና ነበር፤ እጃቸውን ወደ ታች ሲያስገቡ ግን በነጭ ሻጋታ የተያያዘ ጓል ይዘው ወጡ። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ አክስቴ ከንፈራቸውን መጠጡና ማዳበሪያውን ከግርግሙ አርቀው ከበረቱ በር ውጪ አስቀመጡት።