ከ35 ዓመት በኋላ «አንድ ዓመት ጠብቂ» አይባልም

መውለድ የፈለገች የ37 ዓመት ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት መልስ «አይዞሽ፣ አንድ ዓመት ሞክሩና ካልሆነ ትመጫለሽ» የሚል ነው። ለ25 ዓመቷ ሴት ትክክለኛ ምክር ነው። ለእሷ ግን አይሆንም። ዕድሜዋ 35 ያለፈ ሴት ስድስት ወር ሞክራ ካላረገዘች ምርመራ ትጀምራለች፤ 40 ከሞላት ደግሞ ጭራሽ መጠበቅ የለባትም። በሕክምናው የታወቀ አሠራር ነው። የእንቁላል ቁጥርም ጥራትም ከ35 በኋላ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል።

ላለመውለድ ለሚፈልግ ሰው አገራችን ብዙ ሠርታለች። መርፌው፣ እንክብሉ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ሁሉም በመንግሥት ተቋም በነጻ ይሰጣል፤ የገጠር ጤና ኬላ ድረስ ደርሷል። የስንት እናት ሕይወት ተርፏል። መውለድ ፈልገው ለተቸገሩት ግን በሩ ጠባብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፍት፣ አይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተዋህዶ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥበት ሕክምና፣ በመንግሥት ተቋም ሲጀመር የመጀመሪያው ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እዚያ እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው።

አንዲት ወዳጄን ተከትዬ ይህን መንገድ አይቼዋለሁ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈው ስሟ፣ ዕድሜዋና «መካንነት» የሚል ብቻ ነበር። የምርመራ ውጤት አልተያያዘም። ስለ ባሏ አንድ መስመር የለም። ስለዚህ ሆስፒታል ስትደርስ ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ።

ከዚያ ቀጠሮው መጣ። እንቁላል ምን ያህል እንደቀረ ለመገመት ከሚረዱት አንዱ፣ ኤፍኤስኤች የሚባለው የሆርሞን ምርመራ፣ የሚሠራው የወር አበባ በመጣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የማህፀን ቱቦ ክፍት መሆኑን የሚያሳየው ራጅ ደግሞ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ባሉት ጥቂት ቀናት ይነሣል። ቀጠሮ ሰጪው ግን መዝገቡን ገልጦ ክፍት ያገኘውን ቀን ይሰጣል። ወዳጄ በተባለችው ቀን ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። «ዛሬ አይሠራልሽም፣ ቀኑ አልፏል፤ በሚቀጥለው ወር ነይ» ተባለች። በሚቀጥለው ወር ቀኑ ሲገጥም ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል (ሪኤጀንት) የለም፣ «ውጭ አሠሪው» ሆነ። ውጭ ማለት የግል ላብራቶሪ ነው፤ ሒሳቡም ለደሞዝተኛ ቀላል አይደለም።

ባልየውስ? ሳይወልዱ ከቆዩ ጥንዶች ግማሽ በሚያህሉት ችግሩ በወንዱም በኩል አለ፣ ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ነው። መጀመሪያ መሠራት ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ራጅ ተነሥታ፣ ደም ሰጥታ፣ ጠበል ተጠምቃ፣ ስለት ተስላ ሲያበቃ ነው የሱ ነገር የሚነሣው። ደፍሮ የመጣውም ቢሆን ናሙና የሚሰጥበት ለብቻው የሚሆን ክፍል ካላገኘ አፍሮ ይመለሳል። የአማት ሐሜት ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ላይ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

«ምን ቸገራት፣ አይቪኤፍ አለ» የሚሉ አሉ። አይቪኤፍ ቱቦ ለተዘጋባት ሴት መፍትሔ ነው። እዚህ አገር ደግሞ በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ ቲቢም ጭምር ቱቦ ይዘጋል። ያረጀን እንቁላል ግን አይቪኤፍ ወጣት አያደርገውም። በራሷ እንቁላል የመውለድ ዕድሏ ከ40 በኋላ በጣም ይወርዳል። በቀጠሮ የባከነውን ዓመት የሚመልስላት ማዕከል የለም።

ጤና ሚኒስቴርንና የክልል ጤና ቢሮዎችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕድሜዋ 35 ላለፈ ሴት «አንድ ዓመት ሞክሪ» መባሉ ይቁም። ካርድ ሲወጣ ለባልም ለሚስትም በአንድ ቀን ይውጣ፤ የሱ ምርመራ ከሷ እኩል ይጀመር። ጤና ጣቢያው መሥራት የሚችለውን ሠርቶ ውጤቱን ከሪፈሩ ጋር ያያይዝ። ቀጠሮ ክፍል አንድ ስልክ ይኑር፤ የወር አበባዋ የመጣ ዕለት ትደውልና የምርመራው ቀን በዚያ ይቆረጥላት። ይህ ከውጭ የሚገባ ማሽን አይጠይቅም፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሊጀመር ይችላል።