ማፍላት የማያጠፋው መርዝ

«ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ፤ ምግቡን በደንብ አብስሉ፤ የሸተተውን ጣሉ።» ስለ ምግብና ውሃ ንጽሕና በተነሳ ቁጥር የሚነገረን ይኸው ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ኮሌራንና ታይፎይድን ተከላክሎ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አድኗል። ይሁን እንጂ የተነገረው ስለ ጀርም ነው። ጀርም ሕይወት ስላለው እሳት ይገድለዋል። አርሴኒክ፣ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት ከመሬት የሚገኙ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ግን ሕይወት የላቸውምና በእሳት አይሞቱም። እንዲያውም አርሴኒክ ያለበት ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ መርዙ ግን ከድስቱ አይወጣም፤ የቀረው ውሃ ከበፊቱ የከፋ ይሆናል። አይሸትም፣ አይመርም፣ ውሃውንም አያደፈርስም። ለልጇ ተጠንቅቃ ያፈላች እናት ምንም አላጠፋችም።

ይህን የምጽፈው ኃላፊነቱ ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደሚገባው ቦታ እንዲሄድ ስለምፈልግ ነው። ጉበትንና ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚበሉት በካዮች የሚታወቁት በመለካት ብቻ ነው፤ መለካት ደግሞ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም።

ጉዳቱ በእነዚህ በሁለቱ አካላት ላይ የሚበረታው በሥራቸው ምክንያት ነው። ከአንጀት የተመጠጠው አብዛኛው ነገር ወደ ሌላው ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል፤ መርዝም ካለበት ቀድሞ የሚቀበለው ጉበት ነው። ኩላሊቶች በበኩላቸው በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ 99 ከመቶ ያህሉን ወደ ደም መልሰው የቀረውን አንድ ሁለት ሊትር በሽንት ያስወጣሉ። ውሃው ሲመለስ ያልተመለሰው ነገር በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሌላው አካል በጠብታ የሚያገኘውን መርዝ ኩላሊት በክምችት ያገኘዋል ማለት ነው።

የጉበት ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዳንዱን መርዝ ሊያመክን ሲነሳ ይበልጥ ገዳይ ያደርገዋል። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከማች ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፍሬው ከቆረቆንዳው ጋር በተያያዘበት ጫፍ ላይ፣ ወይም ነቀዝ በበሳው ቀዳዳ ዙሪያ፣ ቢጫ አረንጓዴ ሻጋታ ይወጣል፤ ጣት ሲነካው እንደ ዱቄት ይበናል። ሰው ጠርጎት ወይም አጥቦት ያስፈጨዋል፤ ጥቂት የተበከሉ ፍሬዎችም በወፍጮው ውስጥ መርዛቸውን ለኩንታሉ ሁሉ ያዳርሳሉ። ዱቄቱ ሲበስል ሻጋታው ይሞታል። ሻጋታው ትቶት የሄደው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን በቤት ውስጥ እሳት አይጠፋም። ጉበት ሲደርስም የጉበት ኢንዛይሞች ከሴሉ ዘረ መል ጋር በቀላሉ ወደሚጣበቅ መልክ ይለውጡታል። የጉበት ካንሰር አንዱ መነሻ ይህ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ሲደርስ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ዓመታትን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ የተበከለ በቆሎ ከበሉ ሰዎች መካከል 317ቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጉበታቸው ተጎድቶ ታመሙ፤ 125ቱ ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የሻገተውን እህል «ለከብት ይሁን» ብሎ መስጠት መርዙን አያስወግደውም። ላም የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይመለሳል፤ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሕፃን ነው።

ስለ ኩላሊት ካነሳን ከጃፓኑ የጂንዙ ወንዝ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ከቶያማ ግዛት ወደ ላይ፣ በጊፉ ግዛት ካለው ካሚኦካ ከተባለ የማዕድን ማውጫ ዚንክ ሲወጣ አብሮ የሚገኘው ካድሚየም ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር። ገበሬዎቹ የሩዝ ማሳቸውን የሚያጠጡት በዚያው ወንዝ ነው፤ ሩዙም ካድሚየሙን ከአፈር ስቦ ወደ ፍሬው አስገባው። ሕመሙ ከሁሉ ይልቅ የበረታው ብዙ ልጆች በወለዱና ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነበር። አጥንታቸው እጅግ ከመሳሳቱ የተነሳ ሲያስሉ የጎድን አጥንታቸው ይሰበር ነበር። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» እንደማለት ነው፤ ስሙ የሴቶቹ የራሳቸው ጩኸት ነው። ለሚያየው ሰው የአጥንት በሽታ ነበር። ሥሩ ግን ኩላሊት ውስጥ ነው፤ ካድሚየም ቱቦዎቹን ሲጎዳ መመለስ የነበረበት ካልሲየምና ፎስፌት በሽንት ይፈሳል፣ ኩላሊትም ቫይታሚን ዲን ለሥራ ማብቃት ይሳነዋል፣ አጥንት ባዶውን ይቀራል። የጃፓን መንግሥት በሽታው ከብክለት የመጣ መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ነዋሪዎቹ ከሰሱ፤ በ1971 ረቱ፣ በ1972ም በይግባኙ ረቱ። የማሳውን አፈር መልሶ የማጽዳቱ ሥራ ተጠናቀቀ የተባለው ደግሞ በ2012 ነው። አፈሩን ቆፍሮ መለወጥ ተቻለ። ኩላሊት ውስጥ የገባው ካድሚየም ግን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል፤ የሚቆፍረውም የለም።

«ታዲያ ብመረመር አይበቃም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መመርመር መልካም ነው። ሆኖም በየላቦራቶሪው የሚለካው ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ የኩላሊት ሥራ በግማሽ ገደማ እስኪቀንስ ድረስ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉበትም ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ መልሶ የሚያድግ ቻይ አካል ነው፤ ይኸው ቻይነቱ ጉዳቱን ለዓመታት ይሸፍንለታል። እግር ሲያብጥ፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙው ነገር አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ጉበት ያጸዳል፣ ኩላሊት ያጥባል» እየተባለ ለተጨነቀ ሰው የሚሸጠው ቅመማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በብራስልስ ለክብደት መቀነሻ ተብሎ የዕፅዋት እንክብል የተሰጣቸው ከ100 የማያንሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ጥፋተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ፣ በአንድ የተክል ወገን ውስጥ የሚገኝ መርዝ ነበር። በዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ባሉ የባልካን መንደሮችም ለአሥርተ ዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርስ ይመስል የነበረው የኩላሊት በሽታ ከዚሁ መርዝ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ወገን አረም በስንዴ ማሳ ውስጥ እየበቀለ፣ ፍሬው ከስንዴው ጋር አብሮ እየተፈጨ ይበላ ነበር። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ደግ አይደለም። ጤነኛ ጉበት የሚያጸዳው አያስፈልገውም፤ የታመመውም በማይታወቅ ቅጠል ላይ ቅጠል መጨመር አይሻም።

ኩላሊቱ ከሥራ ውጪ የሆነ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ ይውላል። በአንድ ቀን እጥበት ብቻ በደሙ አጠገብ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ያልፋል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ስስ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚሏ ካሩአሩ ከተማ ወደ አንድ የእጥበት ማዕከል በቦቴ የመጣው የግድብ ውሃ በቂ ሳይጣራ ማሽኖቹ ውስጥ ገባ። ግድቡ ውስጥ የበቀለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ አመንጭቶ ነበር። ከ50 በላይ ሕሙማን በጉበት ጉዳት ሞቱ። ኩላሊታቸውን አጥተው ለመዳን የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም በተመደበላቸው ቀን፣ በሰዓታቸው ተገኝተው ነበር። ውሃውን መለካት የነበረባቸው ሌሎች ናቸው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እህል የሚሰበስብና የሚያከማች ሁሉ እርጥበቱን ለክቶ ያስገባ፤ ወፍጮ ቤት ከመድረሱ በፊት አፍላቶክሲኑ ይመርመር። አዲስ የጉድጓድ ውሃ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ስለ ጀርሙ ብቻ ሳይሆን ስለ አርሴኒኩ፣ ስለ እርሳሱና ስለ ካድሚየሙም ይጠየቅ። ውጤቱ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቅር፤ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ይወቀው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልለት ጉዳይ ካለ ይህ ነው።

ሊሠራ እንደሚችል ባንግላዴሽ አሳይታለች። ሕዝቡን ከተበከለ ኩሬ ለማዳን በቅን ልቦና የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙዎቹ አርሴኒክ ያለባቸው ሆነው ሲገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመረመሩ። ከአገሪቱ ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ50 ማይክሮግራም ያለፈው ጉድጓድ አፉ ቀይ ተቀባ፤ ያላለፈው አረንጓዴ። ጣሪያው የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 10 ማይክሮግራም አምስት እጥፍ ነበር፤ ቢሆንም ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ እንስራዋን ይዛ ስትመጣ ከየትኛው እንደምትቀዳ በዓይኗ ታውቅ ነበር። ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ጉድጓዶች ቀይ ተቀቡ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ ቀለሙ በዝናብና በፀሐይ ለቀቀ፣ ከጎኑ አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ብዙዎቹም ሳይመረመሩ ሰዎች መቅዳት ጀመሩ።