ክርክር፦ ሊበርቲ ሚዲያ ፎርሙላ 1ን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2001 የመኪና እሽቅድምድሙን የፎርሙላ 1ን የንግድ መብት፣ ንግዱን ለዓመታት ሲመራ ለነበረው ለበርኒ ኤክለስቶን ወገን ለ100 ዓመት አከራየ። ኪራዩ የሚቆጠረው ከ2011 ጀምሮ ስለሆነ የሚያበቃው በ2110 ነው። መብቱ ሲቪሲ በተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ በኩል አልፎ በ2017 የአሜሪካው ኩባንያ ሊበርቲ ሚዲያ እጅ ገባ፤ ዋጋው ከነዕዳው 8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎድቶታል የሚለው፦
ከአንድ ሌሊት ልጀምር። ኅዳር 2023፣ ላስ ቬጋስ። ውድድሩን ያዘጋጀው ሊበርቲ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ከተጀመረ ስምንት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ፣ ከመንገዱ የተላቀቀ የውኃ ቫልቭ ክዳን የአሽከርካሪውን የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ከሥር ሰባበረው። መኪኖቹ ሲመለሱ ከሌሊቱ 8፡30 ሆኖ ነበር። ተመልካቹ ግን አልነበረም፤ አስቀድሞ እንዲወጣ ተደርጓል። ሞተሮቹ ለባዶ ወንበር ጮኹ። ለዚያ ቀን ብቻ ትኬት የቆረጡት ሰዎች ገንዘባቸው አልተመለሰላቸውም፤ የተሰጣቸው በውድድሩ መደብር የሚገዙበት የ200 ዶላር ኩፖን ነው። ሳይንዝም ባላጠፋው ጥፋት፣ ባትሪው ስለተቀየረ፣ ከመነሻው አሥር ቦታ ወደ ኋላ ተገፋ።

መንገድ ሊበላሽ ይችላል፤ እሱን እረዳለሁ። ነገር ግን ባለቤቱም፣ አዘጋጁም፣ ሻጩም አንድ ሲሆን ተመልካቹ አቤት የሚልበት ደጅ ያጣል። ቡድንም እንዲሁ ነው። ወደ ፎርሙላ 1 ለመግባት ያመለከተውን፣ ፌዴሬሽኑም መርምሮ በጥቅምት 2023 የተቀበለውን የአሜሪካ ቡድን አንድሬቲን፣ የንግድ መብቱ ባለቤት በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ከበር መለሰው።

ጠቅሞታል የሚለው፦
ወዳጄ፣ ለላስ ቬጋሱ ሌሊት ጥብቅና አልቆምም። እርስዎ ግን በአሜሪካዋ ኦስቲን የተደረገውን የ2014 ውድድር ያስታውሱ። መነሻው መስመር ላይ የቆሙት 18 መኪኖች ብቻ ነበሩ። ካተርሃምና ማሩሲያ የተባሉት ቡድኖች ከስረው ቀርተዋል። ካተርሃም ያን ዓመት አቡ ዳቢ የደረሰው ከደጋፊዎች በተዋጣ ገንዘብ ነው። በ2015ም ፎርስ ኢንዲያና ሳውበር የተባሉት ቡድኖች የገቢው ክፍፍል ያደላል ብለው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ። ይህ ሁሉ በሲቪሲ ዘመን ነው።

በ2021 አንድ ቡድን በዓመት ከ145 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳያወጣ የሚገድብ የወጪ ጣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ የፌዴሬሽኑ ቢሆንም ሊበርቲ አጥብቆ ገፍቶበታል። የማኖር ቡድን በ2017 መጀመሪያ ከተዘጋ ወዲህ የጎደለ ቡድን የለም፤ በ2018 የከሰረው ፎርስ ኢንዲያ እንኳ ገዢ አግኝቶ ቀጠለ። ስለ መቶ ዓመቱ ኪራይ ደግሞ ተጠያቂው አከራዩ ነው። አህያውን ፈርተን ዳውላውን አንምታ።

ጎድቶታል የሚለው፦
አህያውንም አልፈራሁም፤ አከራዩም ይጠየቅ! አንድሬቲ የተመለሰበት በር ግን የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ በካዲላክ ስም ሲያንኳኳ ተከፈተ። ጀርመን ከ2019 ወዲህ በስሟ የሚጠራ ግራንድ ፕሪ (የፎርሙላ 1 ውድድር) የላትም። የቤልጅየሟ ስፓ በ2028 እና በ2030 ከመርሐ ግብሩ ውጪ ናት። አሜሪካ ሦስት ውድድር አላት፤ መላዋ አፍሪካ በ1993 በደቡብ አፍሪካዋ ኪያላሚ ከተደረገው ወዲህ አንድም የላትም።

ጠቅሞታል የሚለው፦
ኪያላሚ የወጣችው ሊበርቲ ከመምጣቱ 24 ዓመት ቀድሞ ነው። በስፓ ጉዳይ ግን አልሟገትዎትም፤ ኦ ሩዥ የተባለውን የስፓ ኩርባ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ደኑ የሚፈተለክ መኪና የማናይባቸው ሁለቱ ዓመታት እኔንም ያሳዝኑኛል። መብቱ ለፌዴሬሽኑ ይመለስ የሚል ማመልከቻ ቢያመጡልኝ ግን አልፈርምም፤ መቶ ዓመት ያከራየው እርሱ ነው።