አልሚ ምግቡ የት ይደርሳል ለሚለው
በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች ስለሚሰጠው አልሚ ምግብ የወጣው ጽሑፍ «እናቶች አልሚ ምግቡን ገበያ ያወጡታል» ያለው ግማሽ እውነት ነው። ሰሜን ሸዋ ቆላው ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የሚሸጥ አለ፣ አልክድም። አብዛኛው ግን እዚያው ቤት ነው የሚያልቀው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነው፣ ማለትም ክፉኛ ለተጎዳው ልጅ የተሰጠውን ፕላምፒ ነት የሚባለውን የኦቾሎኒ አልሚ ምግብ ታላቅየውም ታናሽየውም ይልሱታል። እናት አንዱን አጉርሳ ሌላውን እንዴት ታባርር? ለቤተሰቡ የሚታደለው እህል ሲዘገይ የልጁ ክብደት ንቅንቅ አይልም፤ ጥፋቱ ግን እሷ ላይ ይላከካል። ከላይ ባለው አስተያየት ስለ ጽሑፉ ፎቶ «ፎቶው ላይ ያለው ልጅ እኮ ወፍራም ነው» ላልከው ወንድሜ፦ እግሩን በአውራ ጣትህ 3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርገህ ልቀቀው። ሁለቱም እግሮቹ ላይ ጎድጉዶ ከቀረ ውፍረት ሳይሆን እብጠት ነው። ያኔ የክንዱ ልኬት ምንም ይሁን ምን፣ ልጁ ከባድ የምግብ እጥረት ይዞታል።